ክላፕተን ለጆንሰን ምን ከፈለ?

ሰሞኑን ሠርግ ላይ ቤዝ የሚጫወት ጓደኛዬ ቤት ቡና እየጠጣን "አንድ ነገር ልሞክርብህ" አልኩትና የሮበርት ጆንሰንን "ክሮስ ሮድ ብሉዝ" ከስልኬ ከፈትኩለት። ሌላ ነገር እንዳትል፣ ምቱን ብቻ ቁጠርልኝ አልኩት። በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት ማለት ጀመረ፣ መጀመሪያ ላይ ፊቱ "ይቺ ደግሞ ምን አላት" የሚል ነበር፣ ትንሽ እንደቆየ ግን ጣቱ አየር ላይ ቀረ። "ቆይ ቆይ፣ የት ሄደ ሰውዬው?" ወደኋላ መለስኩለት፣ አሁንም ጠፋበት። በሦስተኛው ስኒውን አስቀምጦ ሳቀና "ለብቻው ስለሆነ እኮ ነው፣ ማንን ይጠብቃል?" አለኝ።

እኔ ይቺን "ማንን ይጠብቃል" የምትል ነገር ይዤ ነው ወደ እንግሊዛዊው የሮክና ብሉዝ ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን የ2004 አልበም የተመለስኩት (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። "ሚ ኤንድ ሚስተር ጆንሰን" ይባላል፣ መጋቢት ላይ ነው የወጣው፣ ክላፕተን 59 ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ሲቀረው። 14 ዘፈን አለበት፣ 14ቱም የጆንሰን ናቸው። በአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ እስከ 6ኛ ደርሷል፣ ይሄ ማለት 1936 እና 1937 ላይ በአንድ ጊታር ብቻ የተቀዱ ዘፈኖች ከዛን ጊዜ የራፕና የፖፕ ኮከቦች ጋር ተጋፍተው ገቡ ማለት ነው፣ ቀላል ነገር አይደለም። ግን አንጋፋ ጊታሪስት ሸምገል ሲል ወደ ድሮ ብሉዝ ተመልሶ "መታሰቢያ ይሁንልኝ" እያለ አልበም ማውጣቱ አሁን አሁን የተለመደ መንገድ ሆኗል፣ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስም 2016 ላይ የቺካጎ ብሉዝ ብቻ የያዘ አልበም አውጥተዋል፣ እና ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ መታሰቢያ የሚባለው ነገር ለሟቹ ምን አደረገለት?

ክላፕተን አልበሙን አስቦበት አይደለም የሠራው። የራሱን አዳዲስ ዘፈኖች ሊቀዳ ስቱዲዮ ገብቶ ነበር፣ ዘፈኑ አልሞላ ሲል ባንዱ ሥራ እንዳይፈታ የጆንሰንን ዘፈኖች ይጫወቱ ጀመር፣ ለማሟሟቂያ የተጀመረው ነገር ራሱ አልበም ሆኖ ቀድሞ ወጣ፣ የራሱ ዘፈኖች ያሉበት ደግሞ በዓመቱ 2005 ላይ ተከተለ። ባንዱም ቀላል ባንድ አይደለም፦ ኦርጋንና ፒያኖ ላይ ቢሊ ፕሬስተን፣ ድራም ላይ ስቲቭ ጋድ፣ ቤዝ ላይ ኔታን ኢስት፣ ሃርሞኒካ ላይ ጄሪ ፖርትኖይ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊታር ላይ ደግሞ አንዲ ፌርዌዘር ሎውና ዶይል ብራምሆል። በየመሣሪያው አሉ የተባሉትን ሰብስቦ ነው የገባው።

ሮበርት ጆንሰን ማነው ለምትሉ፣ 1911 ሚሲሲፒ ሄዝልኸርስት ተወልዶ ነሐሴ 1938 ግሪንዉድ አጠገብ በ27 ዓመቱ የሞተ ሰው ነው። የሚዘፍነው የዴልታ ብሉዝ የሚባለውን ነው። ዴልታ ሲባል ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ እንደዛ አይደለም፣ ሚሲሲፒና ያዙ በሚባሉት ሁለት ወንዞች መካከል ያለ ለጥ ያለ የጥጥ ሜዳ ነው፣ ጥቁሩ ገበሬ እዛ ጭሰኛ ነበር፣ መሬቱ የሌላ፣ ዘሩ በዱቤ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳብ ተሠርቶ አሁንም ባለዕዳ። ከዛ ሕይወት ለማምለጥ ጊታር ይዞ ከከተማ ከተማ መዞር አንዱ መንገድ ነበር። ጆንሰን የቀዳው በጠቅላላ 29 ዘፈን ነው፣ መጀመሪያ ኅዳር 1936 ሳን አንቶኒዮ ጉንተር ሆቴል ውስጥ፣ ቀጥሎ ሰኔ 1937 ዳላስ ውስጥ፣ በቃ፣ በድምሩ አምስት ቀን ነው ስቱዲዮ ውስጥ የታየው። ከሁሉም የተሸጠለት "ቴራፕሌን ብሉዝ" ወደ 5 ሺህ ኮፒ ነው የሚባለው። ታኅሣሥ 1938 ላይ ጆን ሃመንድ የሚባለው ፕሮዲዩሰር ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ለጥቁሮች ሙዚቃ ትልቅ ኮንሰርት ሲያዘጋጅ ጆንሰንን ያፈላልግ ነበር፣ ሲያፈላልግ ሞቷል ተባለ፣ ስለዚህ መድረኩ ላይ ሸክላውን አስጫወተ። እስቲ አስቡት፣ ያ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ ባዶ መድረክ እያየ ሸክላ ሲሰማ።

መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ተማረ የሚባለውን ታሪክ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ይሄው ተረት ከሱ በፊት ቶሚ ጆንሰን ስለሚባል ሌላ የሚሲሲፒ ዘፋኝ ይወራ ነበር፣ ሮበርትን ያስተማረው ሰው ደግሞ ስሙ የሚታወቅ አይክ ዚመርማን የሚባል ጊታሪስት ነው፣ ማታ ማታ ሰው እንዳይረብሹ መቃብር ቦታ እየሄዱ ይለማመዱ ነበር ይባላል። ሰይጣኑ ዝናውን ወሰደና አስተማሪው ተረሳ። ጎበዝ ሰው ስናይ "ልምምድ ነው" ከማለት "የሆነ ነገር አለው" ማለት ይቀለናል መሰለኝ።

ወደ ሙዚቃው ስመለስ። የጆንሰን አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች እየመታ የባቡር አይነት ነገር ይነዳል፣ ሌሎቹ ጣቶች በዛው ቅጽበት ቀጫጭኖቹ ላይ ለድምፁ መልስ ይሰጣሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ትንሿ ጣቱ ላይ ያለው ስላይድ (ጣት ላይ የሚጠለቅ ቱቦ ነው) ክሩን እያንሸራተተ ያስለቅሰዋል፣ ሦስት ሥራ በአንድ ሰው። የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ መጀመሪያ ሲሰማው "አብሮት የሚጫወተው ሌላኛው ማነው" ብሎ ነው የጠየቀው፣ ሌላ ሰው እንደሌለ ለማመን ጊዜ ፈጅቶበታል። ከዛ በላይ ደግሞ ምቱ። ግጥሙ ከረዘመበት ሁለት ምት ይጨምራል፣ ቶሎ ካለቀበት ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ይዘላል፣ 12 ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) መሆን ያለበት ቤት አንዴ ከ12 ይተርፋል አንዴ ይጎድላል። ስህተት እንዳይመስላችሁ፣ አተነፋፈሱ ነው። የኛ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ግጥም ሲቀበል፣ ሰው እስኪስቅ ድረስ ዜማውን ሲያንከባልለው የምናውቀው አይነት ነገር ነው።

ታዲያ ይሄን ለባንድ ስትሰጠው ምን ይሆናል? ስቲቭ ጋድ ዓለም ያደነቀው ድራመር ነው፣ ግን ድራመር ስለሆነ ሁሉም የሚስማማበት "አንድ" የቱ ጋ እንዳለ ማወቅ አለበት፣ ቤዙም ጊታሮቹም ኦርጋኑም እንደዛው፣ ስለዚህ ዘፈኑ ይስተካከላል። ይተኮሳል ብል ይሻላል፣ እንደ ሸሚዝ። የአልበሙ መጨረሻ ላይ ያለውን "ሄል ሃውንድ ኦን ማይ ትሬል" ውሰዱ፣ የሲኦል ውሻ እየተከተለኝ ነው የሚል ሰው ዘፈን ነው፣ ጆንሰን ሲዘፍነው ጊታሩም ድምፁም ወደኋላ እየዞረ የሚያይ ሰው ይመስላል፣ አሁን ይወድቃል አሁን ይወድቃል ትላላችሁ። ክላፕተን ጋ ሲመጣ ግን ውሻው ቢደርስበት እንኳ ከጎኑ አንድ ሙሉ ባንድ አለለት፣ ማን ይነካዋል? በተቃራኒው "ዘይ አር ሬድ ሆት" ባንድ ስለሚችል ደስ ይላል፣ እሱ መጀመሪያውኑም የዴልታ ጎዳና ላይ የሚሸጠውን ትኩስ ታማሌ (በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥና ሥጋ ነው) እያስተዋወቀ የሚቀልድ የጭፈራ ዘፈን ስለሆነ ፕሬስተን ፒያኖው ላይ ሲጫወት ቦታውን ያገኘ ነው የሚመስለው።

የሚገርመኝ ክላፕተን ራሱ ወጣት እያለ ይሄን ችግር ፈትቶት ነበር። 1968 ላይ ክሪም ከሚባለው ባንዱ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ ዊንተርላንድ መድረክ ላይ የተጫወተው "ክሮስሮድስ" የጆንሰንን ዘፈን ምንም አላከበረውም ማለት ይቻላል፣ ምቱን ቀጥ አደረገው፣ ከሌላ የጆንሰን ዘፈን ስንኝ አምጥቶ ቀላቀለበት፣ ጊታሩን በጩኸት ሞላውና ሌላ ዘፈን አወጣበት፣ ገና 22 ዓመቱ ነበር። እና ያኛው ዛሬም ሲሰማ ፀጉር ያቆማል። የ2004ቱ ጨዋ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ትልቅ ሰው ፊት እንደተቀመጠ ልጅ እጁን ሰብስቦ ነው የሚጫወተው። "ክሮስ ሮድ ብሉዝ" ከ14ቱ ውስጥ አለመኖሩም በአጋጣሚ አይመስለኝም፣ ያቺን አንዴ ዘርፏታል፣ ሁለተኛ ጨዋ ሆኖ ሊመለስባት አይችልም።

እሱም ሳይገባው አልቀረም፣ በዛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ "ሴሽንስ ፎር ሮበርት ጄ" የሚል ሲዲና ዲቪዲ አከለበት። እዛ ላይ ዳላስ 508 ፓርክ አቬኑ፣ ጆንሰን ሰኔ 1937 የቀዳበት ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ከብራምሆል ጋር ሁለት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ፣ ሕንፃው ያኔ ተትቶ ባዶውን የቆመ ነበር። ድራም የለ ኦርጋን የለ፣ እግራቸው ብቻ ወለሉን ይመታል። አልበሙን የገዛ ሰው ሁሉ ቀድሞ ይሄን ቢያይ ጥሩ ነበር፣ አንዱ የሌላውን ጣት እያየ የት ጋ እንደሚዞር ሲጠብቀው ይታያል፣ ማለትም ጓደኛዬ ያላት ነገር እዛ ጋ በዓይን ትታያለች።

ፒተር ግሪን የሚባለው ደግሞ አለ፣ 1966 ላይ ክላፕተን የጆን ሜዮልን ባንድ ጥሎ ሲወጣ ቦታውን የያዘው፣ በኋላ ፍሊትዉድ ማክን የመሠረተው። ለብዙ ዓመታት በአእምሮ ሕመም ከሙዚቃ ርቆ ቆይቶ 1998 እና 2000 ላይ ባወጣቸው ሁለት አልበሞች 29ኙንም የጆንሰን ዘፈኖች ጨረሳቸው። ወሬ አልበዛባቸውም። ድምፁ ተሰብሯል፣ እጁም እንደድሮው አይደለም፣ ግን አንዳንዱ ቦታ ላይ ከክላፕተኑ ይልቅ እሱን ነው የማምነው።

አሁን ደግሞ ከባዱ ነገር። ክላፕተን ነሐሴ 1976 በርሚንግሃም መድረክ ላይ ሰክሮ የውጭ ሰዎች ከእንግሊዝ ይውጡ እያለ የፀረ ስደተኛውን ፖለቲከኛ ኢኖክ ፓወልን ደግፎ ተናግሯል፣ ዘረኝነትን የሚቃወመው "ሮክ አጌንስት ሬሲዝም" የሚባለው ንቅናቄ የተነሳው በዚህ ንዴት ነው። የጥቁር ሰው ሙዚቃ ተጫውቶ ሚሊየነር የሆነ ሰው ነው ይሄን ያለው። ከብዙ ዓመት በኋላ በራሴ አፍራለሁ ብሏል። ስለዚህ "ሚስተር ጆንሰን" ብሎ ሲጠራ፣ ያ ሚስተር የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም፣ በዴልታ በጆንሰን ዘመን ነጭ ጥቁርን ሚስተር ብሎ አይጠራም ነበር። አክብሮቱ እውነተኛ እንደሆነ አልጠራጠርም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከጆንሰን በላይ የሚያደርገው ሰው እንደሌለ ሲናገር ኖሯል። ግን አክብሮት አልበም ሽፋን ላይ ሲጻፍና ሒሳብ ሲሠራ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እሺ ሒሳቡን እንይ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው እኔ ከብዙዎቹ ተቺዎች የምለየው።

መጀመሪያ፣ ዘፈኖቹ የማን ናቸው የሚለው ራሱ ቀጥ ያለ አይደለም። "32-20" (የጥይት ልክ ነው) ስኪፕ ጄምስ የሚባለውን የሌላ ሚሲሲፒ ዘፋኝ የ1931 ዘፈን፣ "22-20"ን፣ ሽጉጡን ብቻ ቀይሮ ነው፣ "ሄል ሃውንድም" ዜማው ከሱ ነው የመጣው። "ሚልክካውስ ካፍ" ከኮኮሞ አርኖልድ፣ "ላቭ ኢን ቬን" ከሌሮይ ካር ዜማ፣ "ካም ኦን ኢን ማይ ኪችን" ሚሲሲፒ ሺክስ ከሚባል ባንድ። የድሮ ካሴቶቻችን ሽፋን ላይ "ዜማ፦ የሕዝብ" ይባል አልነበር? ዴልታም እንደዛ ነበር፣ ዜማ እንደ ጉድጓድ ውሃ ነው፣ የመጣ ሁሉ ይቀዳል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ጉድጓዱን አጥሮ ቲኬት መሸጥ ሲጀምር ነው። ሮሊንግ ስቶንስ 1969 ላይ "ላቭ ኢን ቬንን" ሲያወጡ መጀመሪያ የታተመው ላይ ዉዲ ፔይን የሚል ስም ነው የተጻፈው፣ ጆንሰን የለም። ዘፈኖቹ የማንም አይደሉም፣ ነፃ ናቸው የሚል ክርክር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ 2000 ላይ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው አይ ባለቤት አላቸው ብሎ ወሰነ። በመሃል ደግሞ ስቲቭ ላቪር የሚባል ተመራማሪ 1974 ላይ ከጆንሰን እህት ጋር ገቢውን እኩል ሊካፈሉ ውል ተፈራርሞ መብቱን ያስተዳድር ነበር። 1990 ላይ ሙሉ ሥራዎቹ በሳጥን ታትመው ግራሚ ሲያገኙና ከሚሊዮን ኮፒ በላይ ሲሸጡ በዚህ ሁሉ ላይ እውነተኛ ገንዘብ መጣ፣ ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ ወራሽ ማነው ተባለ።

ወራሹ ክሎድ ጆንሰን ነበር፣ ሚሲሲፒ ክሪስታል ስፕሪንግስ ውስጥ ጠጠር የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር። 1998 ላይ ፍርድ ቤት ልጁ ነህ አለው፣ 2000 ላይ የሚሲሲፒ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናለት፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰው። የሮበርት እህቶች ወገን ግን ባዶ እጁን ቀረ፣ አኒ አንደርሰን የሚባሉት የሮበርት የመጨረሻዋ የእንጀራ እህት 2020 ላይ ባወጡት መጽሐፍ ይሄን ቅሬታ አሰምተዋል፣ እሳቸው ያሉትን ሰምቶ ፍርዱ ንጹሕ ደስታ ነበር ማለት ይከብዳል።

እና የክላፕተን አልበም የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። 14ቱም ላይ የተጻፈው ስም ሮበርት ጆንሰን ነው። በ2004 የሰው ዘፈን ቀድቶ ለሚሸጥ የአሜሪካ ሕግ ያወጣው ተመን ለአንድ ዘፈን በአንድ ኮፒ 8.5 ሳንቲም ነበር፣ 14 ዘፈን ሲባዛ 1 ዶላር ከ19 ሳንቲም ይመጣል፣ ሙሉ ተመኑ ከተከፈለ ማለት ነው፣ ከአንድ ሲዲ ለዘፈኖቹ ባለመብት። አንድ ዘፈን ብቻ አንስቶ ከራሱ ጋር ቀላቅሎት ቢሆን 8.5 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ተቺ "ምን አዲስ ነገር ጨመረ፣ ዝም ብሎ ሙሉውን ዘፈነው" ያለው ነገር፣ ሙሉውን መዝፈኑ ራሱ ነበር ጥቅሙ። እንደ ሙዚቃ ከጠየቃችሁኝ ከ10 ስድስት እሰጠዋለሁ፣ እንደ ደረሰኝ ግን ከ1968ቱ ክሮስሮድስ በጣም ይሻላል። ሮከሩ ጆን ፎገርቲ 1991 ላይ ለድሮው ብሉዝ ዘፋኝ ቻርሊ ፓተን የመቃብር ድንጋይ ሲያቆምለት፣ ዘፋኟ ቦኒ ሬይት ለሌላው ብሉዝ ዘፋኝ ፍሬድ ማክዳወል ስታቆምለት ያደረጉት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ የጆንሰን መቃብር የት እንደሆነ እንኳ ሦስት ቦታ ድንጋይ ቆሞለት ሰው አልተስማማም፣ ገንዘቡ ግን ቢያንስ አድራሻ አገኘ።

ሸክላዎቹ ራሳቸው ደግሞ (ከዘፈኖቹ መብት የተለየ ነገር ነው) ጊዜ አላቸው። በአሜሪካ ሕግ ከ1923 እስከ 1946 የወጣ ሸክላ ቅጂ ጥበቃው 100 ዓመት ነው፣ ስለዚህ የጆንሰን የ1937 ሸክላዎች በ2038 መጀመሪያ ለማንም ነፃ ይሆናሉ።

ክሎድ 2015 ላይ ሞቷል። አባቱን ያየበትን ቀን ሲናገር፣ ልጅ ሆኖ ነው፣ የሚኖረው ከእናቱ ወላጆች ጋር ነው፣ አጥባቂ ሃይማኖተኞች ናቸው፣ ብሉዝ የሰይጣን ዘፈን ነው የሚሉ። ጆንሰን ልጁን ሊያይ መጣ፣ አላስገቡትም፣ ልጁም እንዲወጣ አልፈቀዱለትም። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ አባትየው ግቢው ውስጥ ቆሞ ተያዩ። ከዛ ጆንሰን ለልጁ ብሎ ገንዘብ ለአያቶቹ ሰጥቶ ሄደ።